የ5 ወር ፖሜራኒያኔ ፀጉሩ እየሳሳ ነው፣ ሰው ሁሉ «ላጪው» ይለኛል፣ እርዱኝ

የጥጡ_እናት፦

ሰላም ለዚ ቤት ሰዎች በሙሉ፣ ጥያቄዬ ስለሚረዝም አስቀድሜ ይቅርታ። ወንድ ፖሜራኒያን ውሻ አለኝ፣ ብርቱካናማ፣ 5 ወር አልፎታል፣ ኪሎው 1.7 ነው። ሲመጣልኝ ፀጉሩ ድፍን ያለ ነበር፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነበር ሚታየው። አሁን ግን ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ ያለው አጠረ፣ እግሩ ቀጠነ፣ ጀርባው ላይ ሳስቶ ቆዳው ሊታይ ምንም አልቀረው፣ ጭራውማ በቃ የሌላ ውሻ ጭራ ነው ሚመስለው። ሶፋው ልብሴ ምንጣፉ ሁሉ ፀጉር ሆኗል። እቤት የመጣ ሰው ሁሉ «ምን ነካው? ታሞ ነው?» ይለኛል፣ ግማሹ ደሞ «ሙልጭ አርገሽ ላጪው፣ አዲሱ ወፍራም ሆኖ ይበቅላል፣ ሙቀቱም ይቀልለታል» ይለኛል። የውሻ ፀጉር ሚሰራ ሰው ጋ ቀጠሮ ልይዝ ስል ነው እስቲ መጀመሪያ ልጠይቅ ያልኩት።

በዛው ላይ ሌላም አለ። ሽርሽር ስንወጣ አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ሲጎትት ያስለዋል፣ ደረቅ ሳል ነው፣ ሲያቆም ምንም እንዳልሆነ ይጫወታል። አፉን ሳየው ደሞ ከላይ ክራንቻው ጋ ሁለት ጥርስ ጎን ለጎን ቆሟል። መብል ላይ አመለኛ ነው፣ ጠዋት ትንሽ ከቀማመሰ እስከ ማታ ሳህኑን ዞር ብሎ ማያይበት ቀን አለ። እና ጩኸቱ! ኮቴ ሰማ ይጮሃል፣ በር ተንኳኳ ይጮሃል፣ ዝም በል ስለው ጭራሽ ይብስበታል። ይሄ ሁሉ የዘሩ ፀባይ ነው ወይስ የኔው ብቻ ነው እንዲ ሚሆነው?

ነባር_ስፒትዝ፦

አትላጪው። ቀጠሮ ከያዝሽም ሰርዢው።

ያለበት እድሜ ነው እኮ። ፖም (ፖሜራኒያን በአጭሩ) ቡችላ እያለ ሚኖረው ፀጉር ለስላሳና ቀላል ነው፣ ከ4 ወር አካባቢ ጀምሮ እሱ ይረግፍና የትልቁ ይተካል፣ እዛ መሸጋገሪያው ላይ ነው እንግዲ ሁሉም ሰው «ታሞ ነው ወይ» ማለት ሚጀምረው። የፊቱና የእግሩ ቀድሞ ያልቃል፣ ጀርባው ላይ ቦታ ቦታ ይሳሳል፣ ጭራው ይቀጥናል፣ ልክ አንቺ እንደፃፍሽው። አንዳንዱ በ8 ወሩ ይጨርሳል አንዳንዱ እስከ 10 ወር ይጎትታል። ሙሉ የትልቅ ውሻ ፀጉሩን ምታይው ግን 2 ዓመት ሲሞላው ነው፣ 3 ሚደርስበትም አለ። ቀለሙም ሊቀየር ይችላል እንዳትደነግጪ፣ ጠቆር ብሎ የተወለደ ብርቱካናማ ሆኖ ያድጋል።

ላጪው የሚሉሽ ሰዎች ፀጉሩን እንደ ሰው ፀጉር ነው ያሰቡት። የፖም ፀጉር ሁለት ነው፣ ከስር አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለስላሳ አለ፣ ከላይ ደሞ ረጅምና ጠንከር ያለ አለ፣ የታችኛው ነው የላይኛውን አቁሞ ያንን ክብ ቅርፅ ሚሰጠው። ማሽን ሁለቱንም ባንድ ላይ ይወስዳቸዋል። ከዛ በኋላ የታችኛው ቶሎ ሲመጣ የላይኛው ይዘገያል፣ ስለዚ ሚያገኙት ነገር እንደ ሱፍ የሚቋጠርና ቆሻሻ ሚይዝ ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ ጭራሽ ወራት ሙሉ አይበቅልም፣ ከዓመት በላይ ራሰ በራ ሆነው የቆዩ አሉ። እነ ሀስኪ፣ እነ ሳሞይድ፣ እነ ቻውቻውም ላይ ያው ችግር ይታወቃል፣ የብርድ አገር ዘር ናቸው ሁሉም። «መላጨት ያወፍራል» የሚባለው ሰውም ላይ ቢሆን ውሸት ነው።

ሙቀት ላሉሽ ደሞ፣ ውሻ በዋናነት ሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው እንጂ እንደኛ በገላው ላብ አይደለም። የተበጠረ ፀጉር ውስጡ አየር ያዘዋውራል፣ ፀሀዩንም ከቆዳው ላይ ይከለክላል። ጥላ፣ ውሃ፣ ቀትር ላይ አለመውጣት፣ ይሄ ነው የሙቀቱ መልስ።

መቀስና_ማበጠሪያ፦

ስራዬ የውሻ ፀጉር ነው፣ ከላይ የተባለውን እደግፋለው፣ ግን ሰው ሁሌ «አትላጭ» ብሎ ያቆማል፣ ምን ይደረግ ሚለውን ማንም አይናገርም ስለዚ ልፃፍልሽ።

አሁን ፀጉሩ እየተቀየረ ባለበት ሰዓት በየቀኑ ብታበጥሪው ጥሩ ነው፣ ቀኑን ካለፈሽ ሁለት ቀን እንዳያልፍሽ። ምክንያቱም ሚረግፈው የቡችላ ፀጉር መሬት አይወድቅም ሁሉም፣ አብዛኛው እዛው በሚመጣው ፀጉር ላይ ይያዝና ይቋጠራል። ሁለት እቃ ይበቃሻል፣ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ብሩሽና የብረት ማበጠሪያ። ፀጉሩን ደረቁን አታበጥሪው ይሰበራል፣ ውሃ ውስጥ ትንሽ የውሻ ኮንዲሽነር ጠብ አርገሽ በስፕሬይ ነፋ ነፋ አርጊበት። ከዛ ከላይ ከላይ ሳይሆን በግራ እጅሽ ፀጉሩን ወደ ላይ ይዘሽ ከስር ቆዳው እስኪታይሽ መስመር ከፍተሽ፣ ከስር ወደ ጫፍ፣ እሱ ሲያልቅ ቀጣዩን መስመር እየለቀቅሽ ነው ሚሰራው። ብዙ ሰው የላዩን ብቻ ነው ሚያበጥረው፣ ሲያዩት ያምራል እጅሽን ስታስገቢ ግን ቆዳው ላይ የተደመደመ ምንጣፍ ታገኛለሽ። እኔ ጋ ተላጭተው ሚሄዱት ውሾች ብዙዎቹ ሙቀት በዝቶባቸው አይደለም፣ ከስሩ ተቋጥሮ ተቋጥሮ ሌላ አማራጭ ስለጠፋ ነው። ጆሮው ጀርባ፣ ብብቱ፣ የኋላ ጭኑ ጀርባ ያለው ረጅም ፀጉርና ማሰሪያው ሚያርፍበት ቦታ፣ እነዚን አራቱን ሁሌ በጣትሽ ፈትሺ። ስትጨርሺ በብረት ማበጠሪያው ሂጂበት፣ ሳይያዝ ካለፈ ጨርሰሻል።

ገላውን በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ ይበቃዋል። መታጠቢያ ቦታ ከማስገባትሽ በፊት አበጥሪው፣ የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይጠነክራል ከዛ በኋላ መፍታት የለም። የሰው ሻምፖ አይሆንም፣ የቆዳቸው አሲድነት ከኛ ይለያል። ማጠቡ ላይ ቸኩዪ ማለቅለቁ ላይ አትቸኩዪ፣ ሻምፖ ቀርቶበት ሚያሳክከው ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ማድረቁ ነው። ፖም ላዩ ደርቆ ከስር ርጥብ ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ካደረ ሽታው ይመጣል፣ ቆዳው ይቆስላል። ማድረቂያውን በቀዝቃዛ ወይ ለብ ባለው አርገሽ እያበጠርሽ ቆዳው ድረስ አድርቂው።

መቀስ ደሞ ችግር የለውም። የእግር መዳፉ ስር ያለውን (እሱ ካደገ ወለል ላይ ያንሸራትተዋል)፣ መቀመጫው አካባቢ፣ የጆሮ ጫፍ፣ ቅርፁን ክብ ለማስያዝ ጫፍ ጫፉን፣ ይሄ ሁሉ በመቀስ ይሰራል። የታችኛውን ፀጉር እስካልነካ ድረስ ነው። እኔ ጋ ሚመጣው ሰው ሁሉ «እንደ ቡ አርጊልኝ» ይለኝ ነበር፣ ያ ፌስቡክ ላይ ሚሊዮኖች ይከተሉት የነበረው አሻንጉሊት ሚመስለው ፖም፣ በ2019 የሞተው። ያን መልክ ለማግኘት ብለው ስንቱን ውሻ በማሽን እንዳስላጩት! ያን ክብ መልክ በመቀስ ብቻ ማውጣት ይቻላል፣ ጊዜ ነው ሚወስደው፣ ስለዚ ወደ ሰራተኛ ስትሄጂ አፍሽን ከፍተሽ «ማሽን እንዳትነኩት» በይ።

ሁሌ_ክርክር፦

ሁላችሁም ታካብዳላችሁ። የኔን በየዓመቱ ነው ምላጨው፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ ውሻው ደስተኛ ነው፣ እኔም ከፀጉር እገላገላለው። ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁትን አትድገሙ።

ነባር_ስፒትዝ፦

@ሁሌ_ክርክር አንድም ቀን አይበቅልም አላልኩም። ብዙዎቹ ላይ ይበቅላል፣ ያንተም በቅሏል እሰየው። የትኛው ላይ እንደማይበቅል አስቀድሞ ሚያውቅ ሰው ግን የለም፣ ሐኪምም አያውቀውም፣ ያንተ ውሻ በዚ ዓመት በቅሎ በሚቀጥለው ሊቀር ይችላል። በዛ ላይ ልጅቷ ምትጠይቀው ስለ 5 ወር ቡችላ ነው፣ ገና የትልቁ ፀጉር ሳይወጣለት። ለመልክ ብሎ ለምን ይሞክራል?

ሁሌ_ክርክር፦

እሺ የቡችላውን ነገር ተቀበልኩ። ትልቁ ላይ ግን አልተስማማሁም።

ዶክ_አራት_እግር፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሁላችሁም ፀጉር ፀጉር ትላላችሁ፣ እኔን ከጥያቄው ውስጥ ያሳሰበኝ መብሉ ነው።

እህቴ፣ 1.7 ኪሎ የሆነ የ5 ወር ቡችላ «ጠዋት ቀምሶ እስከ ማታ አይበላም» ማለት እንደ አመል ሚታለፍ ነገር አይደለም። በጣም ትናንሽ ዘር ቡችላ ጉበቱም ጡንቻውም ትንሽ ስለሆነ ሚያጠራቅመው ስኳር ጥቂት ነው፣ ሰውነቱ ደሞ ለኪሎው ብዙ ሀይል ያቃጥላል፣ ስለዚ አንድ ሁለት ጊዜ መብል ሲዘልና በዛ ላይ ሲሯሯጥ ወይ ሲበርደው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ይደክመዋል፣ ይፈዛል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከባሰ ይንዘፈዘፋል ራሱን ይስታል። እንደዛ ካየሽ ማር ወይ ወፍራም የስኳር ውሃ በጣትሽ ድዱ ላይ ቀቢው። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ አታፍስሺ፣ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ድዱን ብቻ አሺው፣ እየነቃ ቢሆንም ባይሆንም እየሞቀ ወደ ሐኪም ይሂድ። «ስኳር የለውም» የተባለ ጣፋጭ ደሞ በፍፁም እንዳትሰጪው፣ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ውሻ ላይ ስኳርን ጭራሽ ይጥለዋል፣ ጉበትም ይገድላል።

ለመከላከሉ በቀን 4 ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በሰዓቱ አብዪው። የትናንሽ ዘር ቡችላ ምግብ ይሁን፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ለማኘክም ይመቸዋል። ደረቁን እምቢ ካለ ለብ ባለ ውሃ አርሺለት፣ ሽታው ሲወጣ ይበላል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ያለውን እንዳትረሺ፣ ረጅሙ የረሀብ ሰዓት ሌሊቱ ነው። አድጎ ሲጨርስ ሁለት ሶስት ጊዜ ይበቃዋል። ይሄን አርገሽም ካልበላ፣ ትል፣ ጥርስ፣ ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል በዚ ሳምንት ውስጥ ይታይ።

ወደ ሳሉ ልምጣ። አንገት ላይ ሚታሰረውን ዛሬውኑ አውልቂና ሀርነስ ግዢለት፣ ደረት ላይ ሚያርፍ፣ ጉሮሮ ማይነካ። የአየር ቧንቧቸው ለስላሳ በሆኑ ቀለበቶች የተሰራ ነው፣ በእነዚ ትናንሽ ዘሮች ላይ ቀለበቶቹ ይላሉና ቧንቧው ሲተነፍሱ ጠፍጠፍ ይላል፣ ደረቅና ሻካራ ሳል የዛ ዋና ምልክት ነው፣ ሲደሰቱ፣ ሲጎትቱ፣ ውሃ ሲጠጡ ይመጣል። ብዙ ጊዜ በደንብ ሚታየው መሀል እድሜ ላይ ነው፣ ቢሆንም ቡችላም ላይ ይኖራል። ስለዚ ያንቺ ነው ብዬ አልፈርድም፣ ሀርነስ ላይ ሆኖም ሚያስለው ከሆነ፣ ወይ ሌላ ውሻ ጋ ከተገናኘ በኋላ ከጀመረው፣ ተላላፊ ሳልም ስላለ መመርመር አለበት። ምላሱ ወይ ድዱ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ግን ሳምንት አይደለም ደቂቃ አትጠብቂ። ቤት ውስጥ ሲጋራ ሚያጨስ ካለ ደሞ ውጭ ይውጣ።

አንዳንዴ ደሞ አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ ቆሞ በአፍንጫው አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ሚያንኮራፋ ሚመስል ድምፅ ታሰሚያለሽ ይሆናል፣ ያየ ሰው ታነቀ ብሎ ይጮሃል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ያልፋል። እሱ ሳል አይደለም፣ ወደ ውስጥ ማስነጠስ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ሲመጣ በስልክሽ ቅረጪው፣ ቪዲዮ ሳይ ከመቶ ቃል በላይ ይነግረኛል።

ጥርሱ፦ አንዱ የወተት ነው። የላይኛው ትልቁ ክራንቻ ከወተቱ ፊት ለፊት ነው ሚወጣው፣ ስለዚ የኋለኛው ቀጭኑ ነው መውለቅ የነበረበት። ትልቁ ገና ብቅ እያለ ከሆነ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። ከ6 እስከ 7 ወር ድረስ ካልወለቀ ግን በሐኪም መነቀል አለበት፣ መሀላቸው ምግብ ይገባና ይበሰብሳል፣ ትልቁንም ከቦታው ይገፋዋል። ራስሽ ለመንቀል እንዳትሞክሪ፣ ስሩ ረጅም ነው ይሰበራል። ብዙ ሰው ከማምከኑ ጋር ባንድ ማደንዘዣ ያሰራዋል።

ፀጉሩም ላይ አንድ ቃል። የእድሜው ነው የተባለው እውነት ሚሆነው ቆዳው ጤነኛ ከሆነ ነው። ያክከዋል? ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ አለ? ቅርፊት፣ መቅላት፣ ሽታ? ዓይኑና አፉ ዙሪያ ተመልጧል? ከነዚ አንዱ ካለ ቆረቆር ወይ በጣም ጥቃቅን የቆዳ ተባይ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር፣ ቆረቆር ደሞ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

የጥጡ_እናት፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደዚ ጊዜ ወስደው ስለፃፉልኝ። መብሉን እንደ ኩራት ነበር ማየው እኔ። አያክከውም፣ ቆዳው ንፁህ ነው፣ ቅርፊትም የለውም፣ ዝም ብሎ ሁሉም ቦታ ነው የሳሳው። ሀርነስ ዛሬ አዝዣለው።

ሌላ ልጠይቅዎት፣ አልጋ ላይ ነው አብሮኝ ሚተኛው፣ ጠዋት ዘሎ ይወርዳል። አንዳንዴ ሲሮጥ የኋላ እግሩን አንዱን አንስቶ ሁለት ሶስት እርምጃ ይዘልና ከዛ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ እያሳቀን ነበር እሱም። ችግር ነው? እና ማምከን ፀጉሩን ያጠፋዋል ሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

ዶክ_አራት_እግር፦

ያ ሚያስቃችሁ ዝላይ የጉልበት ሎሚው ነው ብዬ እጠረጥራለው። ከቦይዋ ወጥታ መልሳ ትገባለች፣ ስትወጣ እግሩን ያነሳል፣ ስትገባ ያስቀምጣል። በፖም ላይ በጣም የተለመደ ነው። በ4 ደረጃ ይከፈላል፣ በአብዛኛው በእጅ ሲገፋ፣ አልፎ አልፎ ብቻ በራሷ ከምትወጣው አንስቶ ጭራሽ ወጥታ እስከምትቀረው። 1ኛ ደረጃ ላይ ብዙዎቹ ያለ ኦፕሬሽን እድሜያቸውን ይጨርሳሉ፣ ከፍ ያለው ላይ ኦፕሬሽን ይኖራል። ሐኪሙ በእጁ ፈትሾ ይነግርሻል፣ ለጥርሱ ስትሄጂ አብረሽ አስነኪው።

ከአልጋ መዝለል ይቁም። አጥንታቸው ቀጭን ነው፣ ከሶፋ ወርዶ የፊት እግሩ የተሰበረ ስንቱን አይቻለው፣ ከሰው እቅፍ ያመለጠ ደሞ ከዛም ይበዛል፣ ህፃን ልጅ ካለ መሬት ተቀምጦ ብቻ ይያዘው። ደረጃ ወይ ተዳፋት አርጊለት፣ ሚያዳልጥ ወለል ላይ ምንጣፍ ጣል አርጊበት። ኪሎውንም ጠብቂ። የትልቅ ፖም ክብደት ከ1.4 እስከ 3.2 ኪሎ ነው፣ እና 2 ኪሎ ውሻ ላይ 200 ግራም ማለት አንድ አስረኛ ነው፣ 70 ኪሎ ሰው 7 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው። ጉልበቱም ጉሮሮውም ሚከፍለው እሱን ነው።

ማምከን ፀጉር አያጠፋም። እንደውም አሎፔሲያ ኤክስ የሚባል አለ፣ ፖም ላይ በብዛት ሚታይ፣ ብዙ ጊዜ ወጣት ወንዶች ላይ፣ ከገላው ከአንገቱ ከጭኑ ጀርባና ከጭራው በሁለቱም ጎን እኩል ፀጉሩ ይጠፋና ቆዳው ይጠቁራል፣ ጭንቅላቱና የፊት እግሩ ግን ፀጉራም እንደሆነ ይቀራል። እሱ ላይ ከህክምናዎቹ የመጀመሪያው ማምከን ነው፣ የተወሰኑት ላይ ይመለሳል። አያምም አያክክም፣ መልክ ብቻ ነው ሚያበላሸው፣ ግን ያን ስም ከመስጠት በፊት የእንቅርት እጢ ማነስና የኩሺንግ በሽታ (ሰውነት ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ሲያበዛ ሚመጣ) በደም ምርመራ መለየት አለባቸው። ውሻዬ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ተመለጠ ለምትሉ ነው ይሄ፣ የ5 ወሩን ጥጡን አይመለከትም።

የበር_ደወል፦

ስለ ጩኸቱ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። እህት፣ የዘሩ ነው። ሲያዩት አሻንጉሊት ቢመስልም ስፒትዝ የሚባለው የብርድ አገር ውሾች ወገን ነው፣ ከባልቲክ ባህር ዳርቻ ከፖሜራኒያ፣ ዛሬ ጀርመንና ፖላንድ የተካፈሉት አካባቢ፣ የድሮዎቹ ከዚ ብዙ እጥፍ ትልልቅ ነበሩ፣ ስራቸውም መጠበቅ ነበር። ወደ ትንሽነት ሩጫው የጠነከረው በእንግሊዟ ንግስት ቪክቶሪያ ጊዜ ነው፣ በ1888 ጣሊያን ሄዳ ማርኮ የሚባለውን ይዛ ተመለሰች፣ እሱ ራሱ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር፣ ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሹን ማርባት ጀመረ። በ1901 ስትሞት ቱሪ የሚባለው ፖሟ አልጋዋ ላይ ነበር። (ከታይታኒክ የተረፉት ሶስት ውሾች ውስጥም ሁለቱ ፖም ናቸው፣ ሰው እቅፍ ውስጥ ስለሚገቡ ነው ብዬ አስባለው።) ነገሩ ሰውነታቸው አነሰ እንጂ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ጠባቂ አላነሰም።

ስለዚ ጭራሽ ዝም አታሰኚውም፣ ሁለት ጩኸት ጮሆ እንዲያቆም ነው ምታስተምሪው። «ዝም በል!» ብለሽ ስትጮሂ እሱ ሚሰማው አንቺም አብረሽው እየጮህሽ እንደሆነ ነው፣ ለዛ ነው ሚብስበት። ሲጮህ ተነስተሽ ወደ በሩ ሂጂ፣ እዪ፣ ረጋ ባለ ድምፅ «እሺ በቃ» በዪውና ወደራስሽ ጥሪው፣ ሲመጣ ዝም ባለባት ቅፅበት ትንሽዬ ነገር ስጪው፣ የጥፍር ታህል ትበቃለች፣ ከቀን መብሉ ላይ ትቀነስ። ከሰው አስቀድመሽም ተለማመጂው፣ የበር ደወል ድምፅ በስልክ በጣም ቀንሰሽ እያጫወትሽ። እና ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አታንሺው! ካነሳሽው ነገሩ እውነትም ሚያስፈራ ነው ብሎ ነው ሚያምነው፣ ከላይ ሆኖም ይሳደባል። አራቱም እግሩ መሬት ላይ ሆኖ ከሩቅ እንዲያይ አርጊው። ሰው ትንሽ ስለሆነ ብቻ ስርዓት አያስተምረውም፣ ሮትዋይለር ቢያደርገው ፖሊስ ሚጠራበትን ነገር ፖም ሲያደርገው እናጨበጭብለታለን።

ሁሌ_ክርክር፦

እዚ ጋ ግን ተስማማሁ። የኔው ውሻ ፖስተኛ ነክሷል።

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም፣ እኔ ገና ልገዛ ነው፣ አንድ ሰው «ቲካፕ ፖሜራኒያን ነው፣ ከ1 ኪሎ አያልፍም፣ 6 ሳምንቱ ነው ና ውሰድ» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ነባር_ስፒትዝ፦

ተወው። ቲካፕ የሚባል ዓይነት የትኛውም የዘር መዝገብ ላይ የለም፣ ዋጋ ማስወደጃ ስም ነው። ያን ያህል የሚያንሱት ወይ ደካማ ሆነው የተወለዱ ናቸው ወይ እድሜያቸው ተዋሽቷል፣ እና ዶክተሩ ከላይ የዘረዘረው ሁሉ እጥፍ ሆኖ ነው ሚመጣው፣ ስኳሩ፣ አጥንቱ፣ ጥርሱ፣ አንዳንዱ የራስ ቅሉ መሀል ሳይገጥም ይቀራል። 6 ሳምንት ደሞ ከእናቱ ሚለይበት እድሜ አይደለም፣ ለትናንሽ ዘሮች ጥሩ አርቢዎች እስከ 12 ሳምንት ነው ሚያቆዩት፣ በዛ እድሜ ከእናቱና ከወንድሞቹ ሚማረው አለ፣ ንክሻውን መመጠን ጨምሮ። እናቱን በዓይንህ እያት፣ የወላጆቹ ጉልበትና ልብ ተመርምሯል ወይ በል፣ የክትባት ካርዱን ጠይቅ። ጥሩ አርቢ አንተን ራሱን መልሶ በጥያቄ ያደርቅሃል፣ «ና ውሰድ» አይልም። እስከ 16 ዓመት ሊኖር ሚችል እንስሳ ነው ሚገባው ቤትህ።

አዲስ_ገቢ፦

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ከአርቢ ሳይሆን ትልቅ ፖም ቤት የሚፈልግ ካለ መውሰድስ?

መቀስና_ማበጠሪያ፦

እሱ እንደውም በጣም ጥሩ ነው፣ ፀጉሩም ጉልበቱም ጥርሱም ፀባዩም ወጥቶ ያለቀ ስለሆነ ምትገባበትን አውቀህ ትገባለህ። ብቻ ጥርሱን አስመርምር፣ እነዚ ትናንሾቹ አፋቸው ውስጥ እንደ ትልቅ ውሻ 42 ጥርስ ነው ያለው፣ መንጋጋው ግን ጠባብ ነው፣ ካልተቦረሸ በ3 ዓመቱ የድድ በሽታ ይዞት ታገኘዋለህ። በየቀኑ በውሻ የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ፣ የሰው አይሆንም።

የጥጡ_እናት፦

ለምትጠይቁኝ፣ ሐኪም ጋ ደርሰን መጣን። ፀጉሩ ምንም የለበትም የእድሜው ነው ተባለ። ጉልበቱ ሁለቱም 1ኛ ደረጃ ነው፣ ይዘል የነበረው በሱ ነው። ጥርሱን እስከሚመክን እንጠብቅና ካልወለቀ አብሮ ይነቀላል አሉኝ። ትል ተገኝቶበት መድሀኒት ተሰጥቶታል፣ መብሉን በ4 ከፍዬ እያረጠብኩ ስሰጠው እየበላ ነው። ሀርነሱ መጥቷል፣ ሳሉ ቀንሷል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ላድርግለት ወይስ ስንወጣ ብቻ?

መቀስና_ማበጠሪያ፦

ስትወጡ ብቻ፣ እቤት ስትገቡ አውልቂለት፣ ቀን ሙሉ ካደረገው ብብቱና ደረቱ ላይ ፀጉሩን ይቋጥርበታል። ስታስሪለትም ሁለት ጣት ሚያስገባ ይሁን፣ ደሞ በየወሩ ለኪው፣ ገና እያደገ ነው፣ የትልቁ ፀጉር ሲወጣ ደሞ በሱ ብቻ ራሱ ይጠበዋል።